የነጭ ሽንኩርት ክሮሞዞምና የእናቴ ጉንፋን

«ክሮሞዞም በዓይንሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እንዲህ ብለው የጠየቁኝ ዶክተሩ ናቸው፤ ለሥራ ኢንተርቪው ፊታቸው በተቀመጥኩ ቀን። ጥያቄው ከባድ አይደለም። መልሱ አዎ ወይም አይ ነው። ከነማዕረጉ የተመረቅኩበት ዲግሪ ላሚኔት ተደርጎ ጠረጴዛቸው ላይ ተጋድሟል። ሸሚዜን እማዬ ራሷ ናት የተኮሰችልኝ። ኮሪደሩ ላይ አራት ሰው ተራውን ይጠብቃል፤ አንደኛዋ እንደውም ገና ሳትቀጠር ነጭ ጋውን ለብሳ መጥታለች። እንዲህ ዓይነት ድፍረት አይቼ አላውቅም። እና እኔ ምን ብል ጥሩ ነው?

«በደንብ» አልኩ።

አዎ ብል እኮ ይበቃ ነበር። «በደንብ» ምን የሚሉት ነው? ግን ውሸታም እንደ አዲስ ምራት ነው፤ እንዲወደድ ብሎ አንድ ጭልፋ ይጨምራል።

ዶክተሩ ፊታቸው በራ። «ተመስገን» አሉ፣ «እኛ እዚህ ቁጭ ብለን የምናስተምርበት ጊዜ የለንም። የሠራበት ሰው ነው የቸገረን።»

እንግዲህ ለሳቸው ያልነገርኳቸውን ለእናንተ ልንገራችሁ። አላየሁም። አራት ዓመት ባዮሎጂ ተምሬ፣ ጋውን ለብሼ፣ ቆብ ደፍቼ፣ ከአበባ ጋር ፎቶ ተነስቼ፣ አንድ ክሮሞዞም አላየሁም። እንዳላይ ያደረገኝ ደግሞ ስንፍና አይደለም፤ ስንፍና ቢሆን እንዲህ አልናደድም ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ ላብራቶሪ፣ እኛ ላብ የምንለው፣ ገባን። ስልሳ ተማሪ፣ የሚሠራ ማይክሮስኮፕ አንድ። እሱም መብራቱ ይጠፋና ይበራል። አስተማሪው ሰዓቱን አየና «ጊዜ የለም፣ ማንዋሉ ላይ ያለውን ሥዕል ሳሉት» ብሎን ወጣ። ማንዋሉ የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ነው፤ ክሮሞዞሙና የወረቀቱ እድፍ አይለዩም። ስለዚህ ከእኔ አንድ ዓመት የሚበልጥ ልጅ ደብተር ላይ ገለበጥኩ። እሱ ከሚበልጠው ገልብጧል። ያኛውም ከሚበልጠው። የመጀመሪያው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ምናልባት እሱም አላየም። እኔ በአራት ቀለም እስክሪብቶ አሳምሬ ስዬ ከአስር አስር አገኘሁ። ሥዕሌ እስከ ዛሬ ድረስ ዶርም ለዶርም ይዞራል አሉ። ስንት ልጅ በኔ ሥዕል እንደተመረቀ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ወደ ሥራው ልመለስ። ላቡ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ያለ፣ ድሮ የሰው መኖሪያ የነበረ ቪላ ነው። ማይክሮስኮፑ የተቀመጠው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው፤ ከአናቱ የሻወር ቧንቧ ተንጠልጥሎበታል። እዚያ የሚሠራው በጠርሙስ ውስጥ የነጭ ሽንኩርት ችግኝ ማባዛት ነው። ነጭ ሽንኩርት አስራ ስድስት ክሮሞዞም አለው። ጠርሙስ ውስጥ ያደገ ችግኝ ግን አንዳንዴ ቁጥሩ ይዛባል፤ ስለዚህ ለገበሬ ከመሰጠቱ በፊት መቆጠር አለበት። ቆጣሪ ነው የጎደላቸው።

«መጀመሪያ ከገበያ በተገዛ ተራ ነጭ ሽንኩርት ላይ አሳዪኝ» አሉ ዶክተሩ። «አስራ ስድስቱም ተለይተው የሚታዩበት አንድ ስላይድ። አንድ ብቻ። የሚመጣው ሳምንት ዓርብ ሪፖርት እንልካለን፣ እሱ ላይ ይገባል። ካሳየሽኝ ያን ቀን ውል ትፈርሚያለሽ። ካልሆነ ከውጪ ያለችውን፣ ያቺን ጋውን የለበሰችውን እንጠራለን።»

ጋውኗን አይተውላታል ማለት ነው።

በማግስቱ ሾላ ገበያ ሄድኩ። ሰው ነጭ ሽንኩርት ሲገዛ ምን ዓይነት ይፈልጋል? ደረቅ፣ ያልበቀለ። እኔ የምፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ ውሃ ላይ ሲቀመጥ ቶሎ ሥር የሚሰድ። ምክንያቱም ክሮሞዞም የሚታየው ሴል ሲከፋፈል ነው፣ ሴል ደግሞ የሚከፋፈለው በሚያድግ ሥር ጫፍ ላይ ነው። ይህን ለእማማ ዘሃራ እንዴት ታስረዳላችሁ? እማማ ዘሃራ ሽንኩርታቸውን በጆንያ ላይ ቆልለው የተቀመጡ፣ ነጠላ ጫማቸውን ከጎናቸው ያስቀመጡ ሴትዮ ናቸው።

«እማማ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ያበቅላል?»

ቀና ብለው አዩኝ። «የኔ ሽንኩርት አያበቅልም፣ ልጄ። አጥንት ነው።»

«አይ፣ እኔ የሚያበቅለውን ነው የምፈልገው።»

«አያበቅልም አልኩሽ እኮ። ስሜን አታጥፊ።»

ከጎናቸው ቃሪያ የምትሸጠዋ አንገቷን አስረዘመች። «ዘሃራ፣ ምን አለችሽ?»

«ሽንኩርትሽ በቅሏል ትለኛለች።»

«ኧረ አላልኩም!»

«በጠዋቱ? ገና ሰው ሳይገዛት?» አለች ቃሪያ ሻጯ፣ ለኔ ሳይሆን ለአላፊ አግዳሚው።

እኔ ደግሞ ከመሄድ ይልቅ ምን አደረግኩ? ሽንኩርቶቹን አንድ በአንድ እየገለበጥኩ ሥራቸው የተነሳበትን ቦታ ማየት ጀመርኩ፤ በቢላ የተላጨ ከሆነ አያበቅልም። ጆንያ ተሸክሞ የሚያልፍ ሰውዬ ቆመ። «ሽንኩርት ቂጡ እየታየ ሲገዛ ዛሬ ገና አየሁ» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ቀጠልኩ። በመጨረሻ እማማ ዘሃራ ታክቷቸው ከኋላቸው አንድ ካርቶን ጎተቱ። ውስጡ አረንጓዴ ጅራት ያወጣ፣ የለሰለሰ፣ ሊጣል የተለየ ሽንኩርት አለ።

«በሽታሽ ይሄ ከሆነ በነጻ ውሰጂ» አሉኝ። «ብቻ ከዘሃራ አመጣሁ ብለሽ ለሰው እንዳትናገሪ።»

ቤታችን የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ላቡ ቅዳሜና እሁድ ስለሚዘጋ ሽንኩርቱን የማበቅለው ቤት ነው። ሐሙስ ማታ እያንዳንዷን ፍንካች በስቴኪኒ ወግቼ በብርጭቆ አፍ ላይ ሰቀልኳት፣ ቂጧ ብቻ ውሃ እንዲነካ። አስራ ሁለት ብርጭቆ። ውሃው በየቀኑ መቀየር አለበት። ውሃ ደግሞ ሰፈራችን በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ ቀሪውን ከጄሪካን ነው።

እማዬ መስኮቱ ሥር ቆማ ብርጭቆዎቹን ቆጠረቻቸው። «እኛ ፊታችንን በኩባያ እየታጠብን ሽንኩርት ትዋኛለች» አለች። ከዚያ ሳል ሳል አደረጋትና ወደ ጓዳ ገባች። ሳሏን ልብ በሉልኝ፤ እኔ አላልኩትም።

ሥሩ በጤናው መጣ። እሁድ ጠዋት እንዲደርስልኝ ነው የቆጠርኩት። ችግሩ ሌላ ነበር። የሥሩ ጫፍ ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ይቆረጥና ወዲያው ሴሎቹን ባሉበት ቀጥ የሚያደርግ ነገር ውስጥ ይገባል። ፎቶ አንሺ «እንዳትነቃነቁ» እንደሚለው በሉት። ያ ነገር ሦስት እጅ ንጹህ አልኮል፣ አንድ እጅ አሴቲክ አሲድ ነው። ሁለቱም ላቡ ቁም ሳጥን ውስጥ አሉ። ቁም ሳጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉ ንብረት ክፍሉ ጋሽ ደምሴ ጋ ነው። ጋሽ ደምሴ እንጦጦ ራጉኤል ሱባኤ ገብተዋል፤ አንድም አይደለም፣ ሁለት ሱባኤ፣ አስራ አራት ቀን።

ዓርብ ለዶክተሩ ነገርኳቸው።

«ጋሽ ደምሴ ሲመጣ ይሰጥሻል» አሉኝ።

«መቼ ነው የሚመጡት?»

«ቅዳሜ ሳምንት።»

«ስላይዱስ?»

«ዓርብ።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ምንም ነገር አልነበረም። እኔ በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ፊት ካለኝ ሚኒስትር እሆናለሁ።

ፋርማሲ ሄድኩ። አልኮል ስላቸው ሎሚ ሎሚ የሚል የእጅ ማጽጃ ሰጡኝ፣ እሱም ዝልግልግ ነው። እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው እንግዲህ ያ ሐሳብ የመጣልኝ። አረቄ ምንድን ነው? አልኮል ነው። አቼቶ ምንድን ነው? አሴቲክ አሲድ ነው። ውሃ በዝቶባቸው ይሆናል እንጂ ዘራቸው አንድ ነው። በማዕረግ የተመረቀ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው።

ኮተቤ አረቄ የምታወጣ ሴትዮ አለች ተብዬ ሄድኩ። «ዳግም ስጪኝ፣ ጠንካራውን» አልኳት።

«ለማን ነው?»

«ለነጭ ሽንኩርት።»

«እህ፣ ጉንፋን ነዋ» አለችና በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀዳችልኝ። ማስረዳት ስለሰለቸኝ ብሩን ከፈልኩ።

ክዳኑ አልገጠመም ነበር። የአባዶ ታክሲ ውስጥ ተጠቅጥቀን፣ ሲ ኤም ሲን ሳናልፍ አረቄው ቀሚሴ ላይ ወረደ። መጀመሪያ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ቀጥሎ ወያላው «እህት፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ በይ፣ አየር ያግኝሽ» አለኝ። ከኋላ ያሉ ሽማግሌ አዘኑልኝ። «ተዋት ልጄ» አሉት፣ «ተምረው ሥራ ሲያጡ እኮ ነው።»

«ሥራ አለኝ አባባ» አልኳቸው ዞር ብዬ።

«አይዞሽ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እስክወርድ ድረስ ማንም አላናገረኝም።

እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ የስምንቱን ፍንካች ሥር ጫፍ ጫፉን በምላጭ ቆረጥኩ። የመድኃኒት ብልቃጥ ቀቅዬ፣ ሦስት እጅ አረቄ፣ አንድ እጅ አቼቶ አድርጌ፣ ሥሮቹን ጨምሬ ፍሪጅ ውስጥ ከቅቤው አጠገብ አስቀመጥኩት። አንድ ቀን ማደር አለበት። ቀኑን ሙሉ ፍሪጁን እየከፈትኩ ዘጋሁ። ሥሮቹ ብልቃጧ ታች ላይ ተኝተዋል፣ ንጹህ፣ ቀጥ ያሉ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ደብተር ያልገለበጥኩት ነገር ነበር።

ሰኞ ጠዋት ፍሪጁን ከፈትኩ። ቅቤው አለ።

«እማ፣ እዚህ የነበረችው ብልቃጥ?»

«አጥቤ ደፍቻታለሁ፣ እዚያ መደርደሪያው ላይ።»

«ውስጧ የነበረውስ?»

«ጠጣሁታ» አለች እማዬ። «አቼቶውን ግን አብዝተሽዋል። በሚቀጥለው ማር ጣል አድርጊበት።»

የፍሪጁን በር ዘጋሁት። «ሥሮቹስ?»

«ከነሱ ጋር ነዋ። ልተፋቸው ነበር፣ ከዚያ ልጄ የደከመችበትን ብዬ ዋጥኳቸው። ግማሹን ለእትዬ ሙሉ ሰጠኋት፤ እሷም ደረቷን ይዟታል። ሌሊቱን በላብ ተጠምቃ አደረች፣ ጠዋት ደውላ መረቀችሽ።»

አፌን ከፈትኩ። ልጮህ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። የሳምንት ልፋቴ እናቴና ጎረቤቷ ሆድ ውስጥ ነው፤ የካ አባዶ በሙሉ እንዲሰማ ልጮህ ነበር።

«ሳምንቱን ሙሉ ስስል» አለች እማዬ ሶፋው ጫፍ ላይ እየተቀመጠች፣ «አንድ ቀን እንኳ 'ምነው' አላልሽኝም። ሥራው ሐሳብ ሆኖባት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ትናንት ማታ ብልቃጧን ሳገኝ ግን ለካ በሆዷ ይዛው ነው አልኩ። ለኔ የሠራሽልኝ መሰለኝ።»

አፌን ዘጋሁ። የአንድን ሽንኩርት ሥር በየስድስት ሰዓቱ በማስመሪያ እየለካሁ፣ አንድ ግድግዳ አልፎ የሚስል ሰው አልሰማሁም። ንዴቴ የሚሄድበት አጣ፤ ታክሲ ጠፍቶ ፌርማታ ላይ እንደቀረ ሰው እዚያው ቆመ።

«ላንቺ ነው» አልኳት። ይሄኛው ውሸቴ ላይ አንድ ጭልፋ አልተጨመረበትም።

ደግሞም ልንገራችሁ፣ ከቁም ሳጥኑ የወጣው እውነተኛው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ወግ አልጽፍም፤ ለቅሶ ተቀምጬ ነበር። ለዚህ ብቻ ጋሽ ደምሴን አመሰግናለሁ። ለሌላው አላመሰግንም።

አራት ያልተነኩ ፍንካቾች ቀርተውኛል። ሰኞ ላብ ስገባ ዶክተሩ «አረቄ አረቄ የሚለው ምንድን ነው?» ብለው አፍንጫቸውን ሲነፉ ወሰንኩ። ጋሽ ደምሴን ሄጄ አገኛቸዋለሁ።

ማክሰኞ በጠዋት ዳገቱን ጀመርኩት። ባህር ዛፉን፣ ጭቃውን፣ ቅጠል ተሸክመው ሲወርዱ ለሰው መንገድ የማይለቁትን አህዮች ሁሉ ተቆጣሁ። ራጉኤል ስደርስ ምላሴ ወጥቷል። ሱባኤ የያዙት ሰዎች ያረፉበትን ቤት አሳዩኝ። ጋሽ ደምሴ ደጅ ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዳዊት ይደግማሉ። ቁልፉን አየሁት። ከማተባቸው ጋር አንድ ላይ አንገታቸው ላይ አስረውታል።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከላቡ ነው የመጣሁት። አዲሷ ነኝ።»

ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። አንድ ዲያቆን ከአጠገባቸው ሆኖ «አርምሞ ይዘዋል እህቴ» አለኝ። «ከሰው ጋር አይነጋገሩም። የዓለም ነገር አያነሱም።»

«የዓለም ነገር አይደለም፣ የቁም ሳጥን ነገር ነው» አልኩ። ቁልቁል ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሽንኩርቱን፣ ዓርብን፣ እናቴን፣ አረቄውን። እትዬ ሙሉ ጋ ስደርስ ጢማቸው የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ቃል ግን የለም። ዳዊታቸውን ገለጡ። እኔም ተነስቼ ልሄድ ስል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የንብረት ማውጫ ሞልተሻል?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ዲያቆኑ ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ። አስር ቀን ለሰው ያልተናገሩ ሰው ናቸው። ለሰላምታ ያልተፈታ ምላስ ለወረቀት ተፈታ።

«አልሞላሁም። ወረቀቱም ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው አሉኝ።»

«እንግዲያ በእጅ ጻፊ። የዕቃው ዓይነት፣ መጠን፣ የጠያቂ ስም፣ ፊርማ። ስርዝ ድልዝ እንዳይኖረው።»

የሥራውን ቅደም ተከተል ከያዘው ወረቀት፣ ከፕሮቶኮሌ ጀርባ ጻፍኩ። አንዴ ስለሰረዝኩ እንደገና አጻፉኝ። አንብበው ፈረሙ፣ ቁልፉን ከአንገታቸው ፈቱ፣ ከዚያ ዛሬውኑ በራሴ እጅ እንድመልስ አስጠነቀቁኝ። ማተባቸው ያለ ቁልፉ እንደቀለላቸው ያስታውቃል፤ ግን አላመኑኝም። ስለዚህ ማክሰኞ እንጦጦን ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ፤ አንዴ ቁልፍ ለመቀበል፣ አንዴ አልኮሉንና አሲዱን አውጥቼ ለመመለስ። ሁለተኛው ላይ አላናገሩኝም። ቆጥረው ተቀበሉ፣ አንድ ቁልፍ።

ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ሥሩን ቆርጬ እውነተኛው ውስጥ ከተትኩ። ብልቃጧ ላይ «መርዝ» ብዬ በቀይ ጻፍኩና ላብ አሳደርኳት፣ ከእናቴም ከጉንፋንም ርቃ።

ሐሙስ የመጭመቁ ቀን ነው። ሥሩን ሞቅ ባለ አሲድ ታለሰልሱታላችሁ፣ ቀይ ቀለም ታጠጡታላችሁ፣ ከጫፉ የስፌት መርፌ ዓይን የምታህል ቆርጣችሁ ስላይድ ላይ ታደርጋላችሁ። ከላይ ወረቀት የምታህል ስስ መስታወት። ከዚያ ሶፍት ጣል ታደርጉና፣ ፕሮቶኮሉ እንዲህ ይላል፦ «በአውራ ጣት በእርጋታ ይጫኑ።»

በእርጋታ። ለኔ።

የመጀመሪያውን ፈራሁትና ነካ አደረግኩት። ማይክሮስኮፑ ላይ ሴሉ ተደራርቦ የበርበሬ ክምር መሰለ። ሁለተኛውን ስጫን ያ ሰዓቱን አይቶ የወጣው አስተማሪ ትዝ አለኝ፤ መስታወቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሦስተኛውን ወያላውን እያሰብኩ ተጫንኩት፤ ያን ያህል አልተቀየምኩትም መሰለኝ፣ አልተዘረጋም። አራተኛው ላይ ዶክተሩ መጡብኝ፣ ያ ፊታቸው፤ መስታወቱ ዱቄት ሆነ። አምስተኛው ጋውን የለበሰችው ልጅ። እሷም ሰበረችው። ስድስተኛው ላይ ስሙም የማይታወቀው የሥዕሉ የመጀመሪያ ገልባጭ፤ ጣቴን ቆረጠኝ። ሰባተኛው ላይ ጋሽ ደምሴን አሰብኩ። ዳገቱን፣ ስርዝ ድልዙን፣ ከዚያ ደግሞ ስለ እትዬ ሙሉ ስነግራቸው የተንቀሳቀሰችውን ጢም። ተጫንኩ። ድምፅ የለም። ለካ ልኩ ለጋሽ ደምሴ ያለኝ ንዴት ነው።

ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበስኩ። ትንሿን ማዞሪያ ቀስ አድርጌ ነካሁ። አየኋቸው።

መጽሐፉ ላይ እንዳለው አይደሉም። በአራት ቀለም እንደሳልኩትም አይደሉም። ልብስ ሰፊ ጠረጴዛ ሥር የወደቀ የተቆራረጠ ቀይ ክር ይመስላሉ፤ አንዱ ጎብጧል፣ አንዱ ሌላው ላይ ተጋድሟል፣ አንዱ ለብቻው ራቅ ብሏል። ቆጠርኩ፤ አስራ አምስት። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አስራ ሰባት። ተናደድኩ። ወረቀት አምጥቼ አንድ በአንድ እያየሁ፣ እያንዳንዱን ጉብጠቱን ሳይቀር አስቀመጥኩ። አንዱ ላይ የተጋደመው ሁለት ሆነ፣ ሁለት ያልኩት አንድ ሆነ፤ አስራ ስድስት። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ አስራ ስድስት። አለቀስኩ አልላችሁም። ዓይኔን ያቃጠለኝ አሲዱ ነው።

እንዳይደርቅ ጠርዙን በገዛ ጥፍር ቀለሜ ዙሪያውን አተምኩት። ወረቀቷን ቦርሳዬ ውስጥ ሳስገባ ቀለምና ደም ነክቷት ሥዕሉ ተበላሽቶ ነበር። ግድ አልሰጠኝም፤ ስላይዱ አለ።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ዶክተሩን ጠራኋቸው። ውሉን ይዘው ነው የመጡት፣ ከነእስክሪብቶው። መታጠቢያ ቤት ገባን። ስላይዱን አስተካክዬ ዞር አልኩላቸው። አጎነበሱ። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆጠሩ።

«ጎበዝ» አሉ። «የለመደ እጅ ያስታውቃል። እስቲ መቶ እጥፍ ወደሚያጎላው ሌንስ እናምጣውና ጎላ አድርገን እንየው።»

«ዶክተር፣ ቆይ እኔ ላድርገው።»

«ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ ነው እኔ ይህን ያዞርኩት።»

ስላይዱ ላይ ዘይት ጠብ አድርገው መቶውን ሌንስ አመጡት። ትንሿን ማዞሪያ መንካት ሲገባቸው ትልቁን ያዙ። ዞረ። ሌንሱ መስታወቱ ላይ ወረደና ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ስስ ድምፅ፣ ጥርስ ላይ እንደተሰበረ ጠጠር። ዓይናቸውን ግን አላነሱም።

«ይሄ ማይክሮስኮፕ ድሮም…» አሉ።

ስላይዱን አወጣሁት። መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ሆኗል፣ ሴሎቹ ከዘይቱ ጋር ተለውሰዋል።

«ሌላ ልሥራ» አልኩ። «ሥር አለኝ። እስከ ማታ…»

«ሪፖርቱ ስድስት ሰዓት ላይ ይሄዳል» አሉ። ከኪሳቸው ነጭ ወረቀት አውጥተው ውሉ ላይ ደርበው ሰጡኝ። «ምን ችግር አለ? አንቺ ስንቱን ያየሽ ልጅ ነሽ። ከጭንቅላትሽ ሳዪው፣ አስራ ስድስት እንደሆነ የታወቀ ነው። እሱን ስትጨርሺ ከሥሩ ያለውን ትፈርሚያለሽ።»

እስክሪብቶውን ያዝኩ። እጄ ሥዕሉን ያውቀዋል፤ በአራት ቀለም ስሎታል፣ ተኝቼም እስለዋለሁ። አንዷን መስመር ጀመርኩ እንደውም፣ ቀጥ ያለች፣ ቆንጆ፣ ትናንት ካየኋቸው አንዱንም የማትመስል። ዶክተሩ ሰዓታቸውን አዩ። ልክ እንደዚያ አስተማሪ አዩት።

የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠምኩና ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩት።

«አይ ዶክተር» አልኩ። «ያን ቀን ሲጠይቁኝ ዋሽቼዎታለሁ። እኔ ክሮሞዞም በዓይኔ ያየሁት በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ትናንት። እሱንም እርስዎ አሁን ሰበሩት።»